ለአባቴ ጉልበት የተመረጠች ሞተር

አባቴ ከሾፌርነት ከወረደ በኋላ የፕላስቲክ ወንበሩን ከውጭ በራችን አጠገብ አድርጎ መንገድ ማየት ያዘ። መንገድ አልኩት እንጂ መንገድ አይባልም። ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ካልደረሳቸው ቅያሶች አንዱ ነው፤ በአንድ በኩል አስፋልት ላይ ይወጣል፣ በሌላው በኩል የሰው ግንብ ዘግቶታል። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ፣ ከሀዋሳ እስከ ሞያሌ ያለውን ኩርባ ሁሉ ከልጆቹ ልደት አስበልጦ የሚያስታውስ ሰው፣ አሁን የሚያየው የጎረቤት ፍየል ግንቡ ጋ ደርሳ ስትመለስ ነው። ፍየሏንም ቢሆን ዝም ብሎ አያሳልፋትም። «ቀኝሽን ያዢ!» ሲላት ሰምቼዋለሁ።

ቤት ያዋለው ጉልበቱ ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው የግራ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ክንዱ ደህና ነው፣ ወገቡ ደህና ነው፣ አፉማ ከሁላችንም ይሻላል። ግን ሆስፒታል ለጉልበቱ ሕክምና መሄድ አለበት፣ እሑድ ቸርች አለ፣ አልፎ አልፎም ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ከድሮ ሾፌር ጓደኞቹ ጋር ዓሣ መብላት ይወዳል። ባጃጅ እንጠራለን። ዝናብ ከጣለ ቅያሳችን ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅ አይገባም። የገባ ዕለት ደግሞ አባቴ እግሩን ዘርግቶ በጎን ይጠቀለልና ባለባጃጁን መንዳት ማስተማር ይጀምራል። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ መሃል መንገድ ላይ አውርዶናል። አልፈረድኩበትም።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ ታላቁ አዲስ አበባ፣ ታናሹ ዲላ ናቸው። እኔ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ቅሪ ያለኝ ሰው የለም። በእኛ አገር ሴት ልጅን ማንም አስገድዶ አያስቀራትም፤ ይመርቋታል። ጎረቤቱ ይመርቃል፣ ቸርቹ ይመርቃል፣ ዘመድ በስልክ ይመርቃል፣ ይህን ሁሉ ምርቃት ተሸክማ የት ትሄዳለች? አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቼ ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው፣ «እሱንስ ለማን ትተሽው?» አለኝ። እሱ የሚያወራኝ ከአዲስ አበባ ነው። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገባሁና ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለምን አለቀስሽ የሚለኝ እንዳይኖር።

ሞተር ያማረኝ ከዚያ በኋላ ነው። መንዳት እችላለሁ። ሥራ ስጀምር የተቀጠርኩበት የእርሻ ፕሮጀክት ገጠር ለገጠር በቢሮ ሞተር ሲያዞረኝ ነበር፤ መንጃ ፈቃዴም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለ። ከተማ አልቀይርም፣ ቤት አልቀይርም፣ እሺ። ግን ከሥራ ስወጣ ባለችኝ ጥቂት ደቂቃ እንኳ የሆነ ቦታ በፍጥነት የምሄድ ሰው ልምሰል አልኩ። ለሰው የነገርኩት ግን ይህን አይደለም። «አባባን የማመላልስበት» ነው ያልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ሁለቱንም ፈልጌ ነበር።

የፊዚክስ መምህር የሆነ ባልደረባዬ ለትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ ስለነበር ሞተሩን ሊሸጥ ነው ተባለ። ቀይ ናት፣ የስፖርት ሞተር፣ ሁለት መቶ ሲሲ። መሪዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚነዳት ሰው ታንከሩ ላይ በደረቱ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ቁልፉን ሰጠኝና ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርኩባት። ማርሽ ቀየርኩ። ከላቦራቶሪው ሕንፃ እስከ ዋናው በር ያለውን ዛፍ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሲቀር አየሁት። ስመለስ ፊቴን አይቶ ሳቀብኝ።

«ሰው ትጭናለች?» አልኩት።

«ትጭናለች። አንድ ሰው ከግማሽ» አለኝ።

እውነተኛ ሰው ነው፤ ሻጭ ሆኖ እቃውን አላሞገሰም። ስለዚህ እሱ እንዲነዳ፣ እኔ እንደ አባቴ ከኋላ እንድቀመጥ ጠየቅኩትና ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ፒያሳ ሄድን። የኋላው ወንበር ከፊተኛው ተነጥሎ ወደ ላይ የተሰቀለ ነው፣ ከቂጥ አይሰፋም። የእግር መርገጫው ከፍ ስለሚል ጉልበቴ ሆዴ ላይ ደረሰ። ፍሬን በያዘ ቁጥር ጀርባው ላይ ተንሸራትቼ እለጠፋለሁ፤ ያዩን የመሥሪያ ቤት ሰዎች በማግስቱ ምን እንዳሉ አልጽፈውም። ከሁሉም ያስፈራኝ ደግሞ ከፊቴ የሚጋርድ ነገር አለመኖሩ ነው። ከሄልሜቱ በላይ ስለሆንኩ መንገዱ፣ የሚመጣው ሲኖትራክ፣ የሚያቋርጠው ብስክሌት፣ ሁሉም በቀጥታ ወደ ዓይኔ ይመጣል።

በዚያ ሳምንት የሰፈሩ የቤት ኅብረት እኛ ቤት ነበር። ዝማሬው ካለቀ በኋላ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ የሞተሩን ነገር አነሳሁ። ማንሳት አልነበረብኝም። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ያላት የኅብረታችን መሪ፣ «ለጋሼ የሚመች ሞተር ጌታ እንዲሰጠን» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንዱ ሰፊ ወንበር ያስፈልጋል አለ፣ አንዷ መደገፊያ ይሠራለት አለች፣ ሌላው በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ፣ የሆነ ነገር ተናግሮ ሁሉም ሳቁ፤ ሲተረጎምልኝ፣ «ሴት ልጅ ነድታ አባት ከኋላ ከታዘለ፣ ማን ማንን እንደወለደ ያጠራጥራል» የሚል ቀልድ ነው። ሁሉም ተናገረ። ያልተናገረው ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ብቻ ነው።

ይህ ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ደንብ ነው። ትልቅ ሰው ምን ትፈልጋለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይታሰብለታል። መጠየቅ ማሰብ አቃተኝ ማለት ነው። እሱም ቢጠየቅ ይህን እፈልጋለሁ ማለት ነውር ስለሆነበት መልሱ ያው ነው። አባቴም ከማዕዘኑ፣ እግሩን በርጩማ ላይ እንደዘረጋ፣ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለ። ሁሉም፣ «ይባረኩ ጋሼ» አሉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ ስሰበስብ፣ የመምህሩን ሞተር ጉድለት እየዘረዘርኩ ነገርኩት። ወንበሯ ጠባብ ነው፣ መርገጫዋ ጉልበት ያጥፋል አልኩት። «ከኋላ የተቀመጠ ሰውማ ከነጂው አናት በላይ ነው የሚሰቀለው» አልኩት።

«ከፍ ይላል?» አለኝ።

«በጣም። አይዞህ አባባ፣ እሷን አንገዛም።»

የዘረጋውን እግሩን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። እኔም አሳቢነቴ ደስ ብሎኝ ብርጭቆዬን መሰብሰብ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ያሉትን የሞተር ሱቆች አዳረስኳቸው። ልቤ ሁለቱንም የምታስታርቅ ፈልጎ ነበር፤ መልኳ ስፖርት፣ መሪዋ ቀና ያለ፣ ለኋለኛው ሰው የምታዝን። በየሱቁ የኋላ ወንበር ላይ እየወጣሁ የግራ እግሬን እንደ አባቴ አድርቄ እዘረጋዋለሁ። መርገጫው ላይ ሳይታጠፍ ከደረሰ ሞተሯ ታልፋለች፣ ካልደረሰ ትወድቃለች። ሻጮቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ እንደ እብድ ተዉኝ። አንዲት ሰማያዊ ነበረች፤ ከፊት ስፖርት ነች፣ ከኋላ የሰው ወንበር አላት። ለመርገጫው ትንሽ ቀረኝ። እግሬን በግድ ጠምዝዤ አስገባሁትና፣ ይሆናል ይሆናል እያልኩ ራሴን ስዋሽ ከፊት ለፊቴ ባለው የሱቁ መስታወት ራሴን አየሁ። ወረድኩ።

የቀረችው አንዲት ጥቁር ናት። ወንበሯ አንድ ወጥ፣ ረጅም፣ ለጥ ያለ፤ ሁለት ሰውና አንድ ማዳበሪያ ድንች የሚችል። ገጠር ለገጠር ከብት ነጋዴ ሲነዳት የምታዩዋት ዓይነት። እግሬ መርገጫው ላይ ተዘርግቶ አረፈ። ታላቅ ወንድሜ ፎቶዋን ልኬለት፣ «ይህቺ ናት! ለአባባ የተሠራች!» ብሎ ደወለ። እሺ ለእኔስ የተሠራችው የታለች ልለው ፈልጌ ነበር። «አዎ» አልኩት።

ብየዳ ቤት ወስጄ የግራውን መርገጫ ይበልጥ ዝቅ አስደረግኩት፣ ከኋላ መደገፊያ አስበየድኩበት፣ መደገፊያውን ስፖንጅና ቆዳ አለበስኩት። ወደ ቤት ስነዳት መምህሩ ቀዩዋን ለአንድ ጎረምሳ ነጋዴ ሸጦ መሄዱን ሰምቼ ነበር። ቅያሳችን ላይ ሰው ወጥቶ ጠበቀን። አባቴ ታንከሯን በእጁ ዳሰሰ፣ ጎማዋን በከዘራው መታ መታ አደረገ፣ መረቀኝ። ከበሩ አጠገብ ያለችውን የሲሚንቶ ደረጃ ረግጦ፣ ቀኝ እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ። መደገፊያው ልክ ሆነለት። ጉልበቱም አልታጠፈም። የኅብረታችን መሪ እልል አለች። እኔ ሄልሜቴን ቶሎ አጠለቅኩ፤ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉ ነገር ሰመረ። ሆስፒታል በሰዓቱ ደረስን። ቸርች ስንገባ ሰው ተነሥቶ አየን። እሱ ግን መንገድ ላይ አይናገርም። ባጃጅ ውስጥ ያን ያህል የሚሳደብ ሰው እኔን አንድ ጊዜ እንኳ «ቀኝሽን ያዢ» አላለኝም። አነዳዴን አክብሮልኛል ብዬ ኮራሁ። ቀስ በቀስ ግን መቅረት ጀመረ። ሆስፒታል ብቻ ይሄዳል። እሑድ፣ «ዛሬ ጉልበቴ ከብዶኛል፣ አንቺ ሂጂልኝ» ይላል። ወደ ሐይቅ እንውረድ ስለው፣ «ዓሣውም እንደ ድሮው አይደለም» ይለኛል። ከሥራ ስመለስ ከበሩ አጠገብ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ከፍየሏ ጋር ነው። ጥቁሯ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። እኔ ብቻዬን ልነዳት እንኳ አልሆነልኝም፤ እየነዳኋት መደገፊያው ከኋላዬ ባዶውን ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ።

አንድ ቅዳሜ በግድ ብዬ አወጣሁት። አሞራ ገደል የዓሣው ገበያ ገና አልተበተነም ነበር፤ ጀልባዎቹ ዳር ወጥተዋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣ አንጀት ለመሻማት ሰው መሃል ይጋፋሉ። ወደዚያ ስንወርድ ግን፣ ገና ሳንደርስ፣ መስቀለኛው ላይ ትራፊክ አስቆሞን ነበር። ከጎናችን ቀዩዋ መጥታ ቆመች። አወቅኳት። ጎረምሳው ታንከሩ ላይ ተኝቷል፣ ከኋላው አንዲት ልጅ ከአናቱ በላይ ከፍ ብላ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መንገዱን ታያለች። እለፉ ሲባል ተወርውረው ሄዱ። በመስታወቴ አባቴን አየሁት። አንገቱን በእኔ ትከሻ በኩል አስግጎ፣ ቀዩዋ ከዓይኑ እስክትጠፋ ሲከተላት ነበር።

ሐይቁ ዳር ዓሣችን መጣ። ሁለት ጊዜ ቆርሶ ተወው።

«እንመለስ» አለኝ።

ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። ሰው እያየን ነው፣ እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚለው ሁሉ ጠፋብኝ። «አባባ ምንድነው ያጠፋሁት? ወንበሩ አልተመቸህም? መደገፊያው ይወጋሃል? ያቺን ቀይ ሞተር የተውኩት ለማን ነው? ለጉልበትህ ነው! እኔ መሄድ የምፈልግበት ቦታ የሌለኝ ይመስልሃል? ይኸው እዚህ ነኝ፣ ይኸው ገዛሁ፣ ንገረኝ እንጂ ምን ጎደለህ?» አልኩት። ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ እጇ ላይ ያለውን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች።

«ምንም አልጎደለም» አለ።

«አባባ!»

ሐይቁን አየ። ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። አባቴ አንድን ነገር እፈልጋለሁ ሲል በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ ሲቸገር ግን ያን ቀን አየሁት፣ አንጀቴን በላው።

«ጀርባሽን ነው የማየው» አለኝ በመጨረሻ። «ከቤት እስከ ሆስፒታል ጀርባሽን። ከሆስፒታል እስከ ቤት ያን ነጭ ሄልሜትሽን። ባጃጅም ያው የሰው ማጅራት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ከፊት ለፊቴ ነበር። እዚያ በር ላይ ስቀመጥ እኮ ቢያንስ ፍየሏን አያታለሁ።»

«ቀዩዋ ላይ ጉልበትህ ይታጠፍ ነበር» አልኩት።

«ጉልበቴማ ቤትም ያመኛል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለ ዓሣው አጥንት ተነጋገርን። እሱ ያ ሁሉ ከአፉ በመውጣቱ አፍሯል። ቀዩዋ ተሸጣለች። ጥቁሯን ሸጦ ሌላ መግዛት የሚታሰብ አይደለም፤ ቢታሰብም፣ «እኔን ብለሽ? በፍጹም» ብሎ ከነጭራሹ ከበሩ አይነሣም። አውቀዋለሁ። እሱም እኔን ያውቀኛል። ሁለታችንም አንዳችን ላንዳችን ባሰብነው ነገር መውጫ አጥተን፣ ሐይቁን ይዘን ተቀመጥን።

መሸት ሲል ተነሣን። አንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ተሳፈረ። መንገድ ከገባን በኋላ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክርኔን አጥፌ ጎንበስ አልኩ። ደረቴን ታንከሩ ላይ፣ አገጬን መሪው ጋ አደረስኩት። ጥቁሯ ለዚህ አልተሠራችም፤ መሪዋ ክርኔን ሆዴ ላይ ይቀረቅረዋል። የከብት ነጋዴ ሞተር ላይ እንደ እሽቅድምድም ነጂ ተኝቼ፣ በዝግታ፣ በሦስተኛ ማርሽ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ባለባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ሳቁብኝ።

ከኋላዬ ግን አንድ ድምፅ ተሰማ። «ቀኝሽን ያዢ! ያ ብስክሌት ሊገባብሽ ነው፣ ፍሬን! እንደሱ።» ቤት እስክንደርስ አላቋረጠም። የኅብረታችንን መሪ ሱቅ ስናልፍ ከፍ ባለ ድምፅ ሰላም አላት።

አሁን እሑድ አይቀርም። እኔን ወገቤን ያመኛል። የኅብረታችን መሪ ሞተሯ ለአንቺ አልተመቸችሽም እንዴ ብላ ጠይቃኛለች፤ ታላቅ ወንድሜ በምን እንደተጎዳሁ ሳያውቅ በስልክ መርቆኛል። አንዳንዴ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ማንም የማይመጣ ሲመስለኝ፣ ወገቤን ላሳርፍ ቀና እላለሁ። ወዲያው ትከሻዬን በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል።

«አቤት አባባ?»

«ጋረድሽኝ» ይለኛል።

ዝቅ እላለሁ።